በባዶ ነገር የተሰበሰቡ

«ስለ ባዶ ነገር ሊነጋገሩ ከየአገሩ ተጠራርተው ተሰበሰቡ» ቢባል የማይስቅ ማን አለ? በእኛ ቋንቋ ባዶ የገባበት ነገር ሁሉ ወይ ያስቃል ወይ ያሳዝናል። ባዶ ኪስ፣ ባዶ ሆድ፣ ባዶ ወሬ፣ ባዶ ተስፋ። በርሜልም ቢሆን ጩኸቱ የሚበዛው ባዶ ሲሆን ነው። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም፤ ስለ ባዶ ነገር የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ። ያውም የተማሩ፣ ያውም ዕድሜያቸውን ለዚሁ የሰጡ።

እ.ኤ.አ. በ2010 ጄኔቫ አጠገብ ባለው ሰርን በተባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ጀመሩት። በ2011 ሄልሲንኪ፣ በ2012 የአሜሪካዋ አልበከርኪ፣ በ2013 የፈረንሳይዋ ሻሞኒ፣ በ2015 በፊንላንድ ሰሜን ያለችው ሳሪሴልካ፣ በ2017 ኢየሩሳሌም፣ በ2018 ፖርቶ ሪኮ፣ በ2019 የጣሊያኗ ፓዶቫ፣ በ2022 ደግሞ ቀርጤስ ተገናኙ። ስሙን ወደ አማርኛ ስንመልሰው «የቫኪዩም አርክ አፈጣጠር ዓለም አቀፍ ወርክሾፕ» እንደ ማለት ነው፤ እነሱ አሳጥረው ሜቫርክ ይሉታል። አጀንዳው አንድ ነው፤ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ባዶ ቦታ ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ለምንና እንዴት ይነሣል? አለቀ። ሌላ የለውም።

ይህን የሰማ ሰው የሚሰጠውን መልስ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። «ጥጋብ ነው» ይላል አንዱ። «ፈረንጅ ሥራ ሲፈታ» ይላል ሌላው። ሦስተኛውና ጨዋ የሚመስለው ደግሞ «ጥሩ ነው፣ ግን ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ብሎ ሻዩን ያማስላል። የዛሬው ጠቤ ከነዚህ ከሦስቱ ጋር ነው፤ በተለይ ከሦስተኛው።

እስቲ መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። አርክ የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብየዳ ቤት በር ላይ ስናልፍ «እንዳታየው፣ ዓይንህን ያጠፋሃል» የተባልንለት ሰማያዊ ነበልባል እሱ ነው። መብረቅም ዘመዱ ነው። ሁለቱም ግን አየር ውስጥ ነው የሚኖሩት። ኤሌክትሪኩ አየሩን ሰብሮ፣ አግሎ፣ መንገድ አድርጎት ያልፋል። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አየር ሦስት ሺህ ቮልት አካባቢ ሲጫንበት እጁን ይሰጣል። የሰው ልጅም «መንገዱ አየሩ ከሆነ አየሩን ባስወጣውስ?» ብሎ አሰበ። መንገድ ከሌለ መንገደኛው በየት ይመጣል?

ይመጣላ! ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አየሩ ቢወጣም ቮልቴጁ ሲበረታ ብልጭታው ይነሣል። መንገድ ያጣው ኤሌክትሪክ መንገዱን ከብረቱ ከራሱ ይሠራል። ከብረቱ ገጽ ላይ በዓይን የማትታይ አንዲት ነጥብ ኤሌክትሮን መትፋት ትጀምራለች፤ ትግላለች፤ ትተናለች፤ ተኑም ተሰባብሮ ፕላዝማ ይሆናል፤ ፕላዝማው ደግሞ የብረቱን ገጽ እየደበደበ ተጨማሪ ተን ያወጣል። ይህ ሁሉ ዓይናችንን ገርበብ ሳናደርግ ያልቃል። በኋላ ገልጠን ስናይ የቀረልን ትንሽ ጉድጓድ ብቻ ነው። እሳቱን የለኮሰችው ነጥብ ራሷ በእሳቱ ጠፍታለች። ማስረጃውን ይዞ የሚሸሽ ሌባ ታውቃላችሁ፤ ይሄኛው ማስረጃውን ይበላዋል።

ጥያቄው የቀለለ የመሰለው ካለ ደግሞ ይቆይ። እ.ኤ.አ. በ1928 ፋውለርና ኖርድሃይም የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ኤሌክትሮን በጠንካራ የኤሌክትሪክ መስክ ተስቦ ከብረት እንዴት እንደሚወጣ የሚያሰላ ቀመር አወጡ። ቀመሩ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በዚህ ቀመር መሠረት ከመዳብ የሚወጣው ኤሌክትሮን በተለካው መጠን እንዲወጣ፣ የመዳቡ ገጽ ላይ መስኩን በአሥሮች እጥፍ፣ አንዳንዴም መቶ እጥፍ የሚያጎላ እንደ መርፌ የሾለ ነገር መኖር አለበት። ጥሩ። ማይክሮስኮፕ አምጥተው መርፌውን ፈለጉት። የለም። ደጋግመው ፈለጉት። የለም። ስሌቱ ላይ ያለ፣ መዳቡ ላይ ግን የሌለ መርፌ!

በሜቫርክ ስብሰባ የሚያከራክረው እንዲህ ያለው ነገር ነው። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የመዳቡን አቶሞች አንድ በአንድ በኮምፒዩተር እያንቀሳቀሱ በኃይለኛ መስክ ሥር ምን እንደሚሆኑ ያሰላሉ። የኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ ነገሩ ከገጹ ሳይሆን ከገጹ ሥር ነው፤ በመዳቡ ውስጥ ያሉት የአቶም መደዳዎች መዛነፍና መንሸራተት ነው ብልጭታውን የሚጠነስሰው ይላሉ። ሌላው ተነሥቶ ቆሻሻው ነው፣ በብረቱ ላይ የቀረው ጋዝና ኦክሳይድ ነው ይላል። ሁሉም ግን ባዶ እጁን አይመጣም። አንዱ ስሌቱን፣ አንዱ የተቦረቦረውን መዳብ ፎቶ፣ አንዱ የልኬቱን መዝገብ ይዞ ነው የሚመጣው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ጥያቄ ፊት ተቀምጠው «ገና አልገባንም» ማለት አያሳፍራቸውም። እንዲያውም ካልተሳሳትኩ የተሰበሰቡት ስላልገባቸው ነው።

አሁን «ጥጋብ ነው» ወዳለው ወዳጄ ልመለስ። ይሄ ጥያቄ ያነሣው ጥጋብ ሳይሆን ችግር ነው። ሰርን ውስጥ ክሊክ የሚባል ኤሌክትሮንን በቀጥታ መስመር የሚያፈተልክ ትልቅ ማሽን ታቅዶ ነበር። ማሽኑ አጭር እንዲሆን በእያንዳንዱ ሜትር ላይ መቶ ሚሊዮን ቮልት መጫን አለበት። አየር የሚሸነፍበትን ከሠላሳ እጥፍ በላይ ማለት ነው። አንዲት ብልጭታ ከተነሣች ጨረሩ መንገዱን ይስታል፤ ያ ምት ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ልክ አወጡለት፤ በየሜትሩ ከሦስት ሚሊዮን ምት ገደማ አንድ ብልጭታ ብትነሣ ነው የሚፈቀደው። እንዲህ ያለ ልክ ሲወጣ «መዳቡን በደንብ ወልውሉት» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ለምን እንደሚበልጭ ማወቅ ግድ ይሆናል።

ደግሞ እዩ ትዕግሥታቸውን። አዲስ የተሠራ የመዳብ መዋቅር ወዲያው ሙሉ ኃይል አይጫንበትም። በዝቅተኛው ይጀመርለታል፤ በሴኮንድ ሃምሳ ጊዜና ከዚያም በላይ እየተመታ፣ ቀስ በቀስ ከፍ እየተደረገለት፣ ለወራት ይለማመዳል። በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ምት ነው የሚቀበለው። እያንዳንዷ ብልጭታ ትመዘገባለች። ፈተናው ሲያበቃ መዋቅሩን ሰንጥቀው ውስጡን በማይክሮስኮፕ ይመረምሩታል። በአውሮፓና በጃፓን የተፈተኑ መዋቅሮችን አነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አንድ ደስ የሚል ነገር አገኘ፤ መዳቡን የሚያጠነክረው የብልጭታው ብዛት ሳይሆን የምቱ ብዛት ነው። ማለትም የሚያስተምረው መቃጠሉ ሳይሆን በትዕግሥት መለማመዱ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የምንለው እኛ ነን፤ ቆጥሮ ያረጋገጠው ግን ሌላ ሰው ነው።

«ያ ማሽን የታለ ታዲያ?» ትሉ ይሆናል። እስከ ዛሬ አልተሠራም። ሰርንም ለመጪው ዘመን የሚያዘነብለው ክብ ወደ ሆነ ሌላ ማሽን ነው። ታዲያ ድካሙ ውኃ በላው? አልበላውም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሰርን ከሎዛን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጋር ሆኖ፣ ለክሊክ የተጠናውን ቴክኖሎጂ በሰውነት ውስጥ ጠልቆ የተቀመጠ ካንሰርን በሴኮንድ ክፍልፋይ በሚተኮስ የኤሌክትሮን ጨረር ለማከም ሊያውለው መነሣቱን አስታወቀ። መዳቡ ሳይበልጭ መቶ ሚሊዮን ቮልት እንዲሸከም የተደረገው ጥረት የመሣሪያውን ርዝመት ሆስፒታል ውስጥ እንዲገባ ያሳጥረዋል። ጥያቄ በአግባቡ ከተጠየቀ መልሱ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።

ከስብሰባው ሁሉ ልቤን የሚነካው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጠላትና ወዳጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸው። ለማፍጠኛ ማሽን ሠሪው አርክ ጠላት ነው። ለራጅ ቱቦ ሠሪውም ጠላት ነው። ፓዶቫ ላይ ለኑክሌር ውህደት ማሽን የአንድ ሚሊዮን ቮልት መሣሪያ ለሚፈትኑት ጠላት ነው። የፀሐይ ሰሌዳው ላይ ብልጭታ ለሚነሣበት የሳተላይት ባለሙያም እንዲሁ። ለኃይል ማቋረጫ ብሬከር ሠሪው ግን አርክ አገልጋይ ነው። ያው አንዱ ብልጭታ! እነዚህ ሰዎች ለብዙ ዘመን በየራሳቸው ጉባኤ፣ በየራሳቸው ቋንቋ ስለ አንድ ነገር ሲያወሩ ኖረዋል። ሜቫርክ ያደረገው ነገር ቢኖር «እስቲ እናንተ የምታዩትን እኛም እንየው» ማሰኘት ነው።

ብሬከሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለሦስተኛው ሰውዬ መልሱ እዚያ ውስጥ ነው። ቫኪዩም ብሬከር ማለት አየሩ የወጣለት፣ የውስጡ ግፊት ከምንተነፍሰው አየር ከአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ የማይሞላ፣ ሁለት የመዳብና የክሮሚየም ቁራጭ ተገጣጥመው የሚቀመጡበት ቱቦ ነው። መስመሩ ላይ አደጋ ሲደርስ ቁራጮቹ አንድ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይላቀቃሉ። አርክ ይነሣል። የምንጠቀምበት ኤሌክትሪክ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ዜሮን ስለሚያልፍ፣ ዜሮ ላይ ሲደርስ አርኩ ይጠፋል፤ የብረቱ ተን ግድግዳው ላይ ሄዶ ይለጠፋል፤ ባዶው ተመልሶ ባዶ ይሆናል፤ መስመሩም ይቋረጣል። ይሄን እ.ኤ.አ. በ1926 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሶረንሰንና ሜንደንሆል የተባሉ ሰዎች ሞክረው እንደሚሠራ አሳይተው ነበር። ለገበያ የበቃው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ለምን? ብረቱ ውስጥ የተደበቀውን ጋዝ ማውጣትና ቱቦውን ለዘለቄታው ማሸግ አልተቻለማ። ሐሳቡ ቶሎ መጣ፤ የብረቱ ጠባይ እስኪታወቅ ግን አንድ ትውልድ አለፈ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል ከተባለው ከአባይ ግድባችን የሚነሣው ኃይል በ500 ሺህ ቮልት ወደ ሆለታ ይመጣል። ከዚያ እየወረደ፣ እየተከፋፈለ፣ በ33 ሺህና በ15 ሺህ ቮልት መስመር ወደየሰፈራችን ይደርስና ምጣዳችንን ያግላል። በዚህ በ33 እና በ15 ሺህ ቮልት እርከን ላይ ደግሞ ዓለም በብዛት የሚጠቀመው ይህንኑ ቫኪዩም ብሬከር ነው። ዋናው ተፎካካሪው ኤስ ኤፍ 6 የሚባለው ጋዝ ሲሆን፣ ሙቀት በማፈን ረገድ አንድ ኪሎው ከ20 ሺህ ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያደርሰውን ጉዳት ያደርሳል። በዚህም የተነሣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ፣ እስከ 24 ሺህ ቮልት ለሚሆኑ አዲስ መሣሪያዎች ይህን መሰሉን ጋዝ ከጥር 2026 ጀምሮ ከልክሏል። ስለዚህ ነገ ከነገ ወዲያ የምንገዛው መሣሪያ ይበልጡኑ ባዶው ነው። ባዶውን በዶላር ልንገዛው ነው! እና «ለእኛ ምን ይጠቅመናል?»

«እሱን የሚያመርቱት ይወቁት፤ እኛ ገዝተን እንሰካለን» የሚል ደግሞ አይጠፋም። ይሄ ነው የድህነታችን ሥሩ። ዕቃ ሲቃጠል ለምን ተቃጠለ ብሎ መጠየቅ ለሀብታም ቅንጦት ሊሆን ይችላል፤ ሀብታም ሌላ ይገዛል። ለድሀ ግን ጥያቄው ዳቦ ነው። «ተቃጠለ፣ ይቀየር» ብሎ በሁለት መስመር ደብዳቤ ፋይል የሚዘጋ፣ የተቃጠለውንም ዕቃ ጓሮ ጥሎ ሣር የሚያበቅልበት፣ ያንኑ ስሕተት በውጭ ምንዛሪ ደግሞ ይገዛዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

አሁን ወደ እኛው ወርክሾፕ ልምጣ። ወርክሾፕ የሚባለውን ቃል ድሮ የምናውቀው ከጋራዥ ጋር ነበር። ቱታ የለበሰ፣ እጁን ግሪስ የነካው፣ የተፈታ ሞተር ፊቱ ዘርግቶ «እዚህ ጋ ነው የበላው» የሚል ሰው ያለበት ቦታ። ምን እንደነካው እንጃ፣ ቃሉ ቱታውን አውልቆ፣ ከረባት አስሮ ሆቴል ገባ። ዛሬ ወርክሾፕ ማለት ባነር ነው። የክብር እንግዳው እስኪመጡ መጠበቅ ነው፤ የመክፈቻ ንግግር ነው፤ የክብር እንግዳው «አጣዳፊ ሥራ ስላለብኝ» ብለው መውጣታቸው ነው። ሻይ ቡና ነው። በአምስት ቡድን ተከፍሎ ነጭ ወረቀት ላይ በማርከር «ተግዳሮቶች» ብሎ መጻፍ ነው። ምሳ ነው። ሰርተፊኬት ነው። በመጨረሻም፣ የሁሉ መጨረሻ፣ አበል የሚፈረምበት ወረቀት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እዚያች ወረቀት ላይ ሲደረስ ከተሳታፊው ማንም አይቀርም።

አበል አይከፈል አላልኩም። ሰው ከቤቱ ወጥቶ በልቶ ማደር አለበት። ሆቴልም አልጠላሁም፤ ሜቫርኮችም ቀርጤስና ሻሞኒ የሚሄዱት ባሕሩና በረዶው አስጠልቷቸው እንዳልሆነ ይገባኛል። ችግሩ ቦታው አይደለም። ችግሩ እኛ ስንሰበሰብ ጥያቄ ይዘን አለመሄዳችን ነው። የእኛ ወርክሾፕ ሲከፈት መልሱ ተዘጋጅቷል፤ የአቋም መግለጫው ከመግባታችን በፊት ተጽፏል፤ «የግንዛቤ እጥረት»፣ «የቅንጅት ጉድለት»፣ «የአቅም ግንባታ» የሚሉት ቃላት ከባለፈው ዓመት ተገልብጠው ቀኑ ብቻ ተለውጧል። እጁን አውጥቶ «ይቅርታ፣ እኔ ይሄ ነገር ለምን እንደሚሆን አልገባኝም» ያለ ሰው ደግሞ እንዳልተማረ ይታያል። ጎረቤቱ እጀታውን ጎተት ያደርገውና «ተው፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል» ይለዋል።

ስለ መብራት መቆራረጥ በሚደረግ ስብሰባ ላይ የተቃጠለውን ብሬከር በእጁ የፈታው ቴክኒሻን ተጋብዞ ያውቃል? ብዙውን ጊዜ እሱ ስብሰባው እንዳይጨልም ጄኔሬተሩን እንዲጠብቅ ነው የሚታዘዘው። አዳራሹ ውስጥ ካለው ሁሉ ይልቅ መልሱን የሚያውቀው ሰው ደጅ ቆሟል! የትኛው ቁራጭ እንደተቦረቦረ፣ የትኛው ምሰሶ ላይ ክረምት በመጣ ቁጥር እንደሚበልጭ፣ የትኛው ዕቃ ከሳጥኑ ሲወጣ ጀምሮ እንደማያምር የሚያውቀው እሱ ነው። የሚጠይቀው ግን የለም። ቢጠየቅም «ለምን» ሳይሆን «ማን አጠፋ» ተብሎ ነው፤ ማን አጠፋ የተባለ ሰው ደግሞ የሚመልሰው አንድ ነው፤ «እኔ አይደለሁም»።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው ወዳጆቼ። እነዚያ ሰዎች ጋ ብልጭታ የነሣችበት መዳብ ወንጀለኛ አይደለም፤ ምስክር ነው። ሰንጥቀው ያዩታል፣ ፎቶ ያነሡታል፣ ለተፎካካሪያቸው ያሳዩታል። «የእኔ ማሽን በልጮ አያውቅም» የሚል ቢመጣ የሚታዘንለት ይመስለኛል። እኛ ጋ የተበላሸ ነገር ይሸፈናል፣ ሪፖርቱ ላይ «በአብዛኛው ስኬታማ ነበር» ይባልለታል። የተሸፈነ ብልሽት ደግሞ ያው እንደዚያች ነጥብ ነው፤ ውስጥ ውስጡን ይግላል እንጂ አይጠፋም። አንድ ቀን የነሣ ዕለት ማስረጃውንም አብሮ ይበላዋል።

እና ምን ይደረግ? ብዙ አልጠይቅም። አዲስ ተቋም አቋቁሙ፣ ብሔራዊ ኮሚቴ ይዋቀር አልልም፤ እሱንማ ካልኩ ሌላ ወርክሾፕ ልታስደርጉብኝ ነው። የምጠይቀው ይሄን ብቻ ነው። የሚቀጥለው ባነር ከመታተሙ በፊት አንድ ሰው ይነሣና «መልሱን የማናውቀው ጥያቄ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄ ከሌለ ስብሰባው ይቅር፤ ገንዘቡ ለሽቦ ይዋል። ጥያቄ ካለ ደግሞ ከሰርተፊኬቱ በፊት የተቃጠለው ዕቃ አዳራሹ መሐል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ የፈታው ቴክኒሻንም ከክብር እንግዳው ቀድሞ ይናገር። የክብር እንግዳውም እባክዎ እስከ ምሳ ድረስ ቁጭ ብለው ያዳምጡ።

እስከዚያው ግን ስለ ባዶ ነገር ተሰበሰቡ ብለን በሰው ባንስቅ ይሻላል። እነሱ ጋ ባዶ የሆነው ቱቦው ነው።